ታሞ የዳነ ይበልጣል ወይስ የተከተበ? በአንድ ወረቀት ምክንያት ከወንድሜ ጋር ተጣልተናል

ልጠይቅ (እሁድ፣ ማታ 2፡10)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ የጀመረው ከአንድ የላብራቶሪ ወረቀት ነው። ሥልጠና ልገባ ስል የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ አምጪ ተባልኩ። ውጤቱ ሦስት መስመር ነው፦

ሰርፌስ አንቲጅን፦ ኔጌቲቭ
ሰርፌስ አንቲቦዲ፦ ፖዘቲቭ (240)
ኮር አንቲቦዲ፦ ኔጌቲቭ

ክትባቱን ሦስት ጊዜ ወስጄ ከጨረስኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ታላቅ ወንድሜ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ አየና «ይኸው! አንዱ አንቲቦዲ አለሽ፣ አንዱ የለሽም። ግማሽ መከላከያ ነው የሰጡሽ። ታመሽ ብትድኚ ሁለቱም ይኖርሽ ነበር» አለኝ። እሱ ካደገ ወዲህ ክትባት የሚባል ነገር ክንዱን ነክቶት አያውቅም። «ሰውነት ታግሎ ያገኘውና በመርፌ የተሰጠው መቼም እኩል አይሆኑም» ባይ ነው። እኔም ዝም አላልኩም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምመልሰው ስላጣሁ ነው የጮህኩት።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። እውነት ግማሽ ነው ያለኝ? ደግሞስ ታሞ የዳነ ሰው ከተከተበ ሰው የተሻለ መከላከያ አለው?

የላብ ልጅ (እሁድ፣ ማታ 2፡41)

ወረቀትሽ ምንም እንከን የለበትም፣ ተኝተሽ እደሪ።

እንዲህ ያለ ውጤት በየቀኑ እጄ ላይ ያልፋል። ጥያቄውም ሁሌ ያው ነው። ሄፓታይተስ ቢን ፖስታ ውስጥ እንደገባ ደብዳቤ አድርገሽ አስቢው። ላዩ ላይ ያለው ሽፋን «ሰርፌስ» ይባላል። አንቲጅን ማለት የቫይረሱ ራሱ ቁራጭ ነው፣ አንቲቦዲ ደግሞ ሰውነትሽ እሱን ለመያዝ የሚሠራው። ውስጡ የዘር መረጃውን የያዘው ቅርፊት «ኮር» ነው። ክትባቱ ውስጥ ያለው ፖስታው ብቻ ነው። ባዶ ፖስታ። የሚያመርተውም እርሾ ነው፤ የቫይረሱ አንድ ጂን ተሰጥቶት ያንን ሽፋን ብቻ ይሠራል።

ስለዚህ ሰውነትሽ ደብዳቤውን አይቶት አያውቅም። አይቶት የማያውቀውን ነገር የሚይዝ አንቲቦዲ ከየት ያመጣል? ኮር ኔጌቲቭ የሆነው ለዚህ ነው። ትርጉሙ «ቫይረሱ አንቺ ጋ ገብቶ አያውቅም» ማለት ነው። ደግሞ ለወንድምሽ ንገሪልኝ፣ ኮር አንቲቦዲ የሚከላከል አንቲቦዲ አይደለም። ቫይረሱ በዚህ በኩል አልፏል ብሎ የሚመሰክር ነው እንጂ። የሚከላከለው ሰርፌሱ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ በቂ ነው ይባላል። አንቺ 240 አለሽ።

በኮቪድም ያው ዘዴ ይሠራል። ስፓይክን (የቫይረሱን ላይኛ እሾህ) ብቻ የሚያሳዩ ክትባቶችን የወሰደ ሰው የስፓይክ አንቲቦዲ አለው፣ የኒውክሊዮካፕሲድ (የውስጠኛው ፕሮቲን) የለውም። ሁለቱም ካሉት ቫይረሱ ራሱ ጎብኝቶታል። ሙሉው ቫይረስ ተገድሎ በተሠራው ክትባት ግን ይህ መለያ አይሠራም። እሱ ሁሉንም ነው የሚያሳየው።

አልቀበልም (እሁድ፣ ማታ 3፡05)

«ባዶ ፖስታ» ብለህ አንተው ተናገርከው እኮ! ወንድሟ ልክ ነው ማለት ነው። በሽታ ሙሉውን ቫይረስ ያሳያል፣ ክትባት ቁራጩን። ሙሉ ፊት ያየና ጆሮ ብቻ ያየ ሰው ሌባውን እኩል ይለያሉ?

ኩፍኝ አንዴ የያዘው ሰው ዕድሜ ልኩን አይደገምበትም። ይህን አያቶቻችንም ያውቁታል። ክትባቱ ግን ሁለቴ ይሰጣል። ለምን?

ነጭ ጋውን (እሁድ፣ ማታ 3፡50)

አልቀበልም፣ ስለ ኩፍኝ ያልከው እውነት ነው። እንዲያውም ልጨምርልህ። በ1846 (ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን ነው) የፋሮ ደሴቶች ላይ ኩፍኝ ገባ። ወደ 7,800 ከሚጠጋው ሕዝብ 6,000 ያህሉን ጣለው። ፓነም የሚባል ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ቤት ለቤት እየዞረ መዘገበ። ያስገረመው ሽማግሌዎቹ ናቸው። በ1781 በነበረው ወረርሽኝ የታመሙት አንዳቸውም አልተያዙም። በመሃል 65 ዓመት አልፏል። ደሴቶቹ ላይ ያን ያህል ዘመን ኩፍኝ ስላልነበረ፣ መከላከያቸውን በየጊዜው የሚያድስላቸው ነገርም አልነበረም።

ሁለት ዶዝ የሚሰጠው አንደኛው ግማሽ ስለሆነ አይደለም። በመጀመሪያው ዶዝ ከመቶ ልጆች 93ቱ ያህሉ ይጠበቃሉ። ሁለተኛው በዋናነት የመጀመሪያው ያልያዘላቸውን ለመድረስ ነው፣ ወደ 97 ያደርሰዋል።

ግን «ሙሉውን ማየት ይሻላል» የሚለው ላይ አልስማማም። ብዙ ማየትና በደንብ መማር ይለያያሉ። እዚሁ በተነሳው በሄፓታይተስ ቢ ልንገርህ። ሲወለድ ከእናቱ የተያዘ ሕፃን ሙሉውን ቫይረስ ያያል፤ ፖስታውንም ደብዳቤውንም። እንዲህ ከተያዙ አሥር ሕፃናት ዘጠኙ ቫይረሱን ማባረር አቅቷቸው ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። በአዋቂነት ከተያዘ ሰው ግን ከመቶ አምስት እንኳ አይሞሉም። ያው ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ያንን ባዶ ፖስታ ቢያገኝስ? ብዙውን ጊዜ በደንብ ይማራል። አንድ ልጅ፣ አንድ ሰውነት፣ ሁለት አስተማሪ። ሙሉው አስተማሪ አሸነፈው፣ ባዶው አስተማረው።

ዝምተኛ አንባቢ (እሁድ፣ ማታ 4፡02)

መንጋጋ ቆልፍ ይዞት የዳነ ሰውም ከሆስፒታል ሳይወጣ ክትባት ይሰጠዋል ሲባል ሰምቻለሁ። በሽታው ራሱ ምንም አያስተምርም ማለት ነው?

የላብ ልጅ (እሁድ፣ ማታ 4፡09)

እውነት ነው። መርዙ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ሰው የሚገድለው መጠን መከላከያን ለመቀስቀስ እንኳ አይበቃም። ግን መንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ነው፣ ርዕሳችን ቫይረስ ነው። (ላብራቶሪ ውስጥ ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው እንዴት እንደሚታይ ብታውቅ!)

ከቫይረስ ወገን ምሳሌ ካስፈለገህ የእብድ ውሻ በሽታ አለልህ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። «ታሞ የዳነ ይበልጣል» ለማለት መጀመሪያ የዳነ ሰው ያስፈልጋል።

አልቀበልም (ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30)

ጽንፍ ይዛችሁ አትምጡ። የእብድ ውሻ በሽታን ማን ይያዘኝ አለ? እኔ የምለው ስለ ተራው ነው። ኩፍኝ፣ ጉድፍ፣ ጉንፋን። ልጅ ታሞ ይነሳል፣ ይጠነክራል። በቃ።

የሁለት ልጆች እናት (ሰኞ፣ ጠዋት 2፡15)

ጉድፍ ተራ ነው ያልከው ወንድሜ፣ እስቲ እኔን አድምጠኝ። ልጅ ሆነን ታናሽ እህቴን ጉድፍ ሲይዛት እናታችን «አብረሽ ተኚ፣ ይውጣልሽና ይለፍልሽ» አለችኝ። ወጣልኝ። አለፈልኝም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አልፏል ብዬ ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት ከጡቴ ሥር እስከ ጀርባዬ በአንድ በኩል ብቻ ማቃጠል ጀመረኝ። ሸሚዝ ሲነካኝ እንኳ እጮኻለሁ። በሦስተኛው ቀን እንደ መቀነት የተሰለፈ ውኃ የቋጠረ ነገር ወጣ። አልማዝ ባለጭራ ነው ተባልኩ። ያው የልጅነቴ ጉድፍ ነው ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ቁስሉ ድኖ ማቃጠሉ አራት ወር ቆየብኝ።

ጥያቄዬ፣ በሽታው መከላከያ ከሰጠኝ ለምን ተመልሶ መጣ?

ነጭ ጋውን (ሰኞ፣ ቀን 6፡40)

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ተመልሶ አልመጣም። ከመጀመሪያውም አልሄደም። የጉድፍ ቫይረስ ቆዳው ሲድን በነርቭ አድርጎ ወደ ውስጥ ይገባና አከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ቋጠሮዎች ውስጥ ይተኛል። የበሽታ መከላከያሽ አያባርረውም፣ ተኝቶ እንዲቆይ ይጠብቀዋል እንጂ። ይህን ጥበቃ በዋናነት የሚሠሩት አንቲቦዲ ሳይሆኑ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ጭንቀትና ሕመም ሲደራረብ ጠባቂዎቹ ይደክማሉ። ያኔ ቫይረሱ የተኛበትን ነርቭ ይዞ ይወጣል። በአንድ በኩል እንደ መቀነት የሚሰለፈው ለዚህ ነው፤ የዚያን ነርቭ መንገድ ተከትሎ ነው።

የሚገርመው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ነው። አዲሱ ክትባት ከቫይረሱ አንድ ፕሮቲን ብቻ ይዟል፣ ከዚያ ጋር ሰውነትን የሚቀሰቅስ አጋዥ ንጥረ ነገር። ሙሉው ቫይረስ ለዓመታት አብሮ ኖሮ ያላስተማረውን ይህ አንድ ፕሮቲን ያስተምራል። 50 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች በሙከራው ከ90 በመቶ በላይ ተጠብቀዋል። እነዚህ ሰዎች እኮ ጉድፍ ይዟቸው የዳኑ ናቸው። የ«ተፈጥሮ» መከላከያ አላቸው።

ሐቁን ለመናገር የልጆቹ የጉድፍ ክትባት ግን ሕያው የሆነ የተዳከመ ቫይረስ ነው። እሱም ነርቭ ውስጥ ሊተኛ ይችላል። ሆኖም የሚነሳው ከተፈጥሮው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው።

ጨዋታ አዋቂ (ሰኞ፣ ቀን 7፡05)

እንግዲህ ቫይረሱ ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ነው በሉኛ። ሃያ ሰባት ዓመት ተኝቶ፣ ሲነሳ ቤት ያቃጥላል።

ነጭ ጋውን (ሰኞ፣ ቀን 7፡20)

ኩፍኝ «ያጠነክራል» ለተባለው ደግሞ ትንሽ ልጨምር፣ ማለፍ አልቻልኩም። የኩፍኝ ቫይረስ የሚወደው ራሳቸውን የማስታወሻ ሴሎችን ነው። ድሮ የታገልናቸውን በሽታዎች የሚያስታውሱትን ሴሎች ገብቶ ያጠፋል። በ2019 የታተመ ጥናት ያልተከተቡ 77 ልጆችን ደም ኩፍኝ ከመያዛቸው በፊትና ከዳኑ በኋላ አወዳድሯል። ልጆቹ ለሌሎች በሽታዎች ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ አጥተዋል። ክትባቱን በወሰዱ ልጆች ላይ ይህ አልታየም።

ስለዚህ አዎ፣ ኩፍኝን ዕድሜ ልክ ታስታውሳለህ። ሌላውን እየረሳህ።

አልቀበልም (ሰኞ፣ ማታ 1፡15)

ይህን አላውቅም ነበር። እቀበላለሁ። (ስሜን መቀየር ሊኖርብኝ ነው።)

ግን አንድ ነገር መልሱልኝ። ኮቪድ የሚገባው በአፍንጫ ነው። መርፌው የሚወጋው ክንድ ላይ ነው። ሌባው በበር ሲገባ ዘበኛው ጓዳ ተቀምጧል። በአፍንጫው የታመመ ሰው እዚያው በሩ ላይ መከላከያ አያበቅልም?

የላብ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 1፡48)

ያበቅላል። በዚህ ነጥብ አንተ ነህ ትክክል። አፍንጫና ጉሮሮ ስስ ሽፋን ላይ የሚሠራ አይጂኤ የሚባል አንቲቦዲ አለ። በሽታው በዚያ በኩል ሲገባ እሱን ይቀሰቅሰዋል። በሽፋኑ ሥር የሚሰፍሩ ቲ ሴሎችንም ይተዋል። ክንድ ላይ የሚሰጥ ክትባት ግን ደም ውስጥ የሚዞረውን አይጂጂ ነው በብዛት የሚያወጣው። ወደ ሳንባ በደንብ ይደርሳል፣ ወደ አፍንጫ ግን ትንሽ ነው የሚሻገረው። ተከትበው የተያዙ ሰዎች አፍንጫቸው ፈስሶ ሳንባቸው የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ጨዋታ እናት ፖሊዮ ናት። የሳልክ ክትባት በ1955 ወጣ፣ የተገደለ ቫይረስ ነው፣ በመርፌ ይሰጣል። ደም ውስጥ አንቲቦዲ ስለሚኖር ቫይረሱ ወደ ነርቭ አይደርስም። ልጁ ሽባ አይሆንም። ነገር ግን ቫይረሱ አንጀቱ ውስጥ ተራብቶ ለሌላው ሊያልፍ ይችላል። የሳቢን ጠብታ ትንሽ ቆይቶ መጣ፣ ሕያው የተዳከመ ቫይረስ ነው፣ በአፍ ይሰጣል። የበሽታውን መንገድ ተከትሎ አንጀት ላይ መከላከያ ይተክላል። በሩን ይዘጋል።

ዋጋው ምንድን ነው ካልክ፣ ጠብታው ሕያው ስለሆነ ብዙ ያልተከተበ ሰው ባለበት አካባቢ ከሰው ሰው እየዞረ አልፎ አልፎ ወደ ጎጂነቱ ሊመለስ ይችላል። ተፈጥሮን በጣም ስትመስል የተፈጥሮን ጣጣም ትወርሳለህ።

ነጭ ጋውን (ሰኞ፣ ማታ 2፡10)

አንድ መስመር ብቻ ልጨምር። የፖሊዮን በር በበሽታው ልዝጋ ያለ ሰው ዕጣ ይጥላል፤ ከ200 ተያዦች አንዱ የማይመለስ ሽባነት ያገኘዋል። የፖሊዮ ቫይረስ ደግሞ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ይዞህ ብትድን ከሌሎቹ ሁለቱ አያድንህም።

ዝምተኛ አንባቢ (ሰኞ፣ ማታ 2፡30)

እኔ ኮቪድ ይዞኛል፣ ከዚያ ተከትቤአለሁ። በተከተብኩ በሁለተኛው ቀን ብብቴ ሥር እንደ ባቄላ ፍሬ የምታክል ንፍፊት ወጣች። ስነካት ታመኝ ነበር፣ በሳምንቷ ጠፋች። ክትባቱ አልተስማማኝም ብዬ ሁለተኛውን ተውኩት። ምን ነበረች?

የላብ ልጅ (ሰኞ፣ ማታ 2፡52)

ትምህርት ቤት ነበረች! ከክንድህ የተነሳው የክትባቱ ፕሮቲን በአቅራቢያው ወዳለችው ንፍፊት ይሄዳል። አንቲቦዲ የሚሠሩት ቢ ሴሎች እዚያ ይሰበሰባሉ። ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ሲባዙ የአንቲቦዲያቸውን ጂን ሆን ብለው ይቀያይራሉ። ይበልጥ አጥብቆ የሚይዘው ይመረጣል፣ የላላው ይሞታል። ይህ ፈተና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀጥላል። ያለፉት ወይ የማስታወሻ ሴል ሆነው ይዞራሉ፣ ወይ አጥንት መቅኒ ውስጥ ገብተው ለዓመታት ዝም ብለው አንቲቦዲ ያመርታሉ። በበሽታም ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው። ሂደቱ አንድ ነው፣ ትምህርቱን የሚሰጠው ነው የሚለየው።

ልዩነቱ ክትባት መጠኑ የታወቀ መሆኑ ነው። በሽታ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ትንሽ ቫይረስ ገብቶበት ምንም ሳይሰማው ያልፋል፣ አንቲቦዲውም እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። ሌላው በኦክሲጅን ይተኛል፣ አንቲቦዲው ሰማይ ይነካል። ናሙና ስሠራ የማየው ነው። የታመሙ ሰዎች ውጤት እዚህም እዚያም የተበተነ ነው፣ የተከተቡት ተቀራራቢ ነው።

ሁለቱንም ያገኘህ ደግሞ «ድብልቅ መከላከያ» አለህ። ካሉት ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው። በ2023 የታተመ የ65 ጥናቶች ጥቅል፣ ቀድሞ የተያዙ ሰዎች ከአሥር ወር ገደማ በኋላም ከጽኑ ሕመም 88 በመቶ ያህል እንደተጠበቁ አሳይቷል። ኦሚክሮን ሲመጣ ዳግም ከመያዝ የመከላከሉ አቅም ግን ወደ 36 በመቶ ወርዷል። አንቲቦዲ ቅርጽ ሲቀየርበት ይሳሳታል። ቲ ሴሎች የሚያዩት የቫይረሱን ብዙ ቁራጮች ስለሆነ በቀላሉ አይታለሉም።

አልቀበልም (ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡20)

ጥሩ። እንግዲህ ክትባት ያበላሸውን ንገሩኝ። ሁሌ ያማረውን ብቻ ነው የምታወሩት። ደንጊስ? አርኤስቪስ?

ነጭ ጋውን (ማክሰኞ፣ ቀን 8፡00)

የቤት ሥራህን ሠርተሃል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ደንጊ በትንኝ የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፣ አራት ዓይነት አለው። አንዱ ሲይዝህ ያንን ዓይነት ለረጅም ጊዜ ትከላከላለህ። ሁለተኛው ዓይነት ሲመጣ ግን ከመጀመሪያው የተረፈው አንቲቦዲ ቫይረሱን ይይዘዋል፣ ሽባ አያደርገውም። ይባስ ብሎ ወደ ሴል ማስገቢያ እጀታ ይሆንለታል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚከፋው ሁለተኛው ሕመም ነው። እዚህ ላይ በሽታው ራሱ መጥፎ አስተማሪ ነው። ክትባቱ ደግሞ ይህን ጥፋት ደገመው። በ2016 በፊሊፒንስ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ልጆች ተከተቡ። በኅዳር 2017 (እንደ አውሮፓውያን ኖቬምበር) አምራቹ ራሱ አመነ፤ ከዚያ በፊት ደንጊ ይዞት ለማያውቅ ልጅ ክትባቱ እንደ መጀመሪያው ሕመም ይቆጠራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሊከፋ ይችላል። ከዚያ ወዲህ ያ ክትባት ቀድሞ ደንጊ እንደያዘው በምርመራ ለተረጋገጠ ብቻ ሆነ።

አርኤስቪ ግን የምወደው ታሪክ ነው፣ ትንሽ ታገሡኝ። ሕፃናትን ሳንባ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በ1966 አሜሪካ ውስጥ በፎርማሊን የተገደለ ቫይረስ ለሕፃናት ተሰጠ። አንቲቦዲ አወጡ። ክረምቱ ሲገባ ቫይረሱ መጣ። ተከትበው ከተያዙት 80 በመቶ ያህሉ ሆስፒታል ገቡ፣ ካልተከተቡት ግን 5 በመቶ ያህሉ ብቻ። ሁለት ሕፃናት ሞቱ። መስኩ ለአሥርት ዓመታት ደነገጠ።

ምን ነበር የተበላሸው? ቫይረሱ ሴል ውስጥ የሚገባበት ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ሁለት ቅርጽ አለው። ከመግባቱ በፊት እንደ ተጨመቀ ምንጭ ብረት ነው። ሲገባ ይወረወርና ረጅም ይሆናል። ፎርማሊኑ የተወረወረውን ነበር የተወው። የልጆቹ አንቲቦዲ ሥራውን የጨረሰውን ቅርጽ ነበር የሚያውቀው፤ ይይዛል፣ አያስቆምም። ሌላ የተዛባ ነገርም ነበር፣ ግን ዋናው ይህ ነው። በ2013 ተመራማሪዎች ፕሮቲኑን ሳይወረወር ቆልፈው የሚይዙበትን መንገድ አገኙ። በ2023 ለአዛውንቶችና ለነፍሰ ጡሮች ክትባት ጸደቀ። ከነፍሰ ጡሯ አንቲቦዲው በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስፓይክንም እንዲሁ መቆለፍ የኮቪድ ክትባቶች የተማሩት ከዚህ ሥራ ነው።

እና ልብ በል፣ አርኤስቪ ራሱ ጥሩ አያስተምርም። ሰው በሕይወቱ ደጋግሞ ይያዛል። «ተፈጥሮ ታውቃለች» የሚለው ቫይረሱ ሊያስተምረን ፍላጎት እንዳለው ያስመስለዋል። ቫይረስ መምህር ሆኖ አልተቀጠረም።

አልቀበልም (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡02)

ይህን የመሰለ መልስ ከመጀመሪያው ብትሰጡኝ ኖሮ አልጨቃጨቅም ነበር። ሰው «ምንም ችግር የለም» ሲለኝ ነው የምጠራጠረው።

እና በቆይታስ? የትኛው ይቆያል?

የላብ ልጅ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡33)

ሁለቱን ጎራ አድርገህ ካሰብከው መልስ አታገኝም። በ2007 የታተመ አንድ ሥራ የሰዎችን ደም ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ፣ አንቲቦዲያቸው በግማሽ ለመቀነስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት አሰላ። የኩፍኝ ከ200 ዓመት በላይ ወጣ፣ የማትደርስበት ዕድሜ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ 11 ዓመት። (ባክቴሪያ መሆኑን አልረሳሁም!) የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ሕያው ነው፣ አንድ መርፌ ለዕድሜ ልክ ይበቃል ተብሏል። ኢንፍሉዌንዛ ብትታመምም ብትከተብም በየጊዜው ይቀየርብሃል። ሰውነትህ እንኳ መጀመሪያ ባየው ጉንፋን ላይ ሙጥኝ የማለት አመል አለው። የሚወስነው ቫይረሱ ማን ነው፣ ምን ዓይነት ክትባት ነው፣ በየት በኩል ገባ የሚለው ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡00)

የማህፀን በር ካንሰር ክትባትስ? ትልቋ ልጄ ሊሰጣት ነው። «ሰውነቷ ራሱ ያጠፋዋል» ያሉኝ አሉ።

ነጭ ጋውን (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡18)

አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋዋል፣ እውነት ነው። ካንሰር የሚሆነው ያላጠፋው ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችፒቪ፣ ብልጥ ነው። ላይኛው ሽፋን ላይ ብቻ ይኖራል፣ ደም ውስጥ አይገባም፣ ሴሎችን አፍርሶ ጩኸት አያሰማም። ስለዚህ ተይዘው ከዳኑት ብዙዎቹ የሚለካ አንቲቦዲ እንኳ የላቸውም፣ ዳግመኛም ሊይዛቸው ይችላል። ክትባቱ የሚያወጣው አንቲቦዲ ከበሽታው ብዙ እጥፍ ነው። እሱም እንደ ሄፓታይተሱ ባዶ ፖስታ ነው። ግን የገባ ቫይረስ አያስወጣም፣ ከመግባቱ በፊት ነው የሚሠራው። አስከትቢያት።

ልጠይቅ (ዓርብ፣ ማታ 3፡10)

ሰዎች፣ ተመለስኩ። ወንድሜ ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። «አልቀበልም»ን ወዶታል። ረቡዕ ዕለት ሳይነግረኝ ሄዶ ተመረመረ። ዛሬ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ይኸው፣ እኔ ሁለቱም አለኝ!» አለኝ።

ሰርፌስ አንቲጅን፦ ኔጌቲቭ
ሰርፌስ አንቲቦዲ፦ ፖዘቲቭ
ኮር አንቲቦዲ፦ ፖዘቲቭ

እኔ ግን የላብ ልጅ የጻፈው ትዝ አለኝና ደነገጥኩ። ይዞት ያውቃል ማለት ነው?

የላብ ልጅ (ዓርብ፣ ማታ 3፡25)

አዎ፣ ይዞት ድኗል። ብዙ ሰው ሳያውቀው ነው የሚያልፈው። ድካም ነበረኝ ብሎ ይረሳዋል። አንቲጅኑ ኔጌቲቭ ስለሆነ አሁን በሽተኛ አይደለም፣ ለሰው ያስተላልፋል ተብሎም አይሰጋም። መከላከያም አለው። በዚህ ቢኮራ አልቃወምም።

አንድ ነገር ግን ንገሪው፣ ቀልድ አይደለም። የዚህ ቫይረስ ዘር የጉበት ሴሎች እምብርት ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። መከላከያው ይጠብቀዋል። ወደፊት መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ቢታዘዝለት፣ ለካንሰር ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጡ አሉ፣ ቫይረሱ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙን «ኮር ፖዘቲቭ ነኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር አለበት። ወረቀቱን አይጣለው። መቼ እንደያዘው ስለማይታወቅ ባለቤቱም ትመርመር።

ልጠይቅ (ዓርብ፣ ማታ 4፡40)

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ «አንቺ ጋ የተደበቀ ነገር የለም?» አለኝ። የለም አልኩት። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ዋናውን ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አሁን ከሚስቱ ጋር ወለል ላይ ቁጭ ብለው፣ መሳቢያውን ሁሉ ዘርግፈው የልጃቸውን የክትባት ካርድ እየፈለጉ ነው።